የሦስተኛው መስመር ሸሚዞች

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ እንደማያስገባኝ ካወቅኩ ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ያዝኩ። ዘመኑ ደርግ ነው። ሐዋሳንም ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፤ ከአንድ ጫፏ እስከ ሌላው በእግር የምትዳረስ ከተማ ነበረች። የደከመው በፈረስ ጋሪ ይሳፈራል፣ ደህና ደመወዝ ያለው ብስክሌት ይገዛል። እኔ ከእናቴ ጋር ታቦር ኮረብታ ጎን ላይ ስለምኖር በየማለዳው ቁልቁለቱን ወርጄ የመንግሥት ወደሆነ አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት እገባ ነበር። ሥራችን በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ አልፎ አልፎ የሠራተኛ ቱታም እንሰፋለን።

አዳራሹ ውስጥ አራት መስመር ነበር። መስመር የሚባለው ተከታትለው የተደረደሩ የስፌት መኪናዎችና የተቀመጡባቸው ሰዎች ናቸው። የተቆረጠው ጨርቅ በአንደኛው ጫፍ ይገባል፣ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በሌላኛው ጫፍ ሸሚዝ ሆኖ ይወጣል። እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ተመደብኩ። ሰባት ነበርን። በስማችን የምንጠራራው እምብዛም ነው፤ ሰው የሚጠራው በሚሰፋው ነበር። የሸሚዙን ፊትና ኋላ ትከሻው ላይ የማጋጥመው እኔ «ትከሻ» ተባልኩ። ከእኔ ቀጥላ ያለችው «ኮሌታ» እጇ ፈጣን፣ አለባበሷ የተዋበ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጅ ነበረች። መጨረሻ ላይ ቁልፍ የሚተክለው ቀልደኛ ሰውዬ «ቁልፍ» ነው። መሀል ላይ ደግሞ «እጅጌ» አለች። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ የሲዳማ ሴት ናት፤ ከከተማው ዳር ካለ መንደር በእግሯ ትመጣለች። አማርኛዋ ጥቂት ነበር። ጧት አንገቷን ደፍታ ትገባለች፣ ማታም አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

በሩ አጠገብ ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ስንት እንደሰፋ ይጻፍበታል፤ የበለጠው ሰው ስም አጠገብ በቀይ ጠመኔ ኮከብ ይሣላል። ያ ኮከብ ምን ያህል ያጓጓኝ እንደነበር ዛሬ ስናገረው ያስቀኛል። ዩኒቨርሲቲ አለመግባቴን ለጎረቤት ሁሉ ማስረዳት ሰልችቶኝ ስለነበር በአንድ ነገር አንደኛ መሆን ፈልጌ ነበር። ኮሌታም እንደኔው ነች። ሁለታችን እየተሽቀዳደምን አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ ኮከቡን እንወስድ ነበር። ጥሩ መርፌ ካገኘች ትደብቃለች፤ እኔም ያልተጠላለፈ ክር ካገኘሁ ጉያዬ ስር አደርጋለሁ።

የሚገርመው፣ ሁለት ባለኮከብ ሠራተኞች ያሉት መስመራችን ከአራቱ መስመሮች ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር። እኔ የጨረስኩት ትከሻና ኮሌታ የጨረሰችው ኮሌታ ሄዶ ሄዶ እጅጌ ፊት ይከመራል። እሷ አንዱን እጅጌ ትገጥማለች፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትገጥማለች። ከእሷ በኋላ ያሉት ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ። ቁልፍ ክንዱን አጣጥፎ «ዛሬም ቁልፌን ቆጥሬ ልተኛ ነው» ይላል።

አንድ ቀን እጅጌ አንድ ሸሚዝ ይዛ ወደ መኪናዬ መጣች። ጨርቁን ዘርግታ በጣቷ እየነካች «ትከሻ ይበላል» አለችኝ። ኮሌታ ሰምታ ሳቀች። ቁልፍ ከወዲያ «ትከሻማ ትበላለች፤ ምሳችሁን ደብቁ» አለ። መስመሩ በሙሉ ተንከተከተ፤ እኔም ሳቅኩ። እጅጌ ትንሽ ቆማ አየችንና ሸሚዙን አጣጥፋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሸሚዙ ምንም አላለችንም። እኛ ግን ለብዙ ቀን ምሳ በቀረበ ቁጥር «ትከሻ ይበላል» እያልን ስንቀልድ ከረምን።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ስብሰባ ነበር። ሂስና ግለ ሂስ ይባላል፤ ሰው ሌላውንም ራሱንም ይተቻል። ኮታ ለምን አልሞላም ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ እኔ እጄን አወጣሁ። ተነሥቼ «ጓዲት እጅጌ ሥራ ታጓትታለች፤ በእሷ ምክንያት ነው መስመሩ የሚወቀሰው» አልኩ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እሷ የተባለውን ሁሉ አልተረዳችውም ይሆናል፤ ስለ እሷ መሆኑን ግን አውቃለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታይ ነበር። እኔ ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደፋር የሆንኩ መስሎኝ ነው።

በዚያው ሰሞን የመስመሩ ኃላፊ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረና በምትኩ አንድ ሽማግሌ መጡ። ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው ገበያው ውስጥ በረንዳ ላይ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ አልናቸው። ኃላፊ ሲቀየር ንግግር መስማት ስለለመድን ሥራ አቁመን ጠበቅናቸው። እሳቸው ግን ጃኬታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ከመጀመሪያው መኪና ጀምረው እያንዳንዳችንን በእጅ ይጨብጡ ጀመር።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? ከየት ነው የምትመጪው?»

«ደህና ጋሼ። ከታቦር ነው።»

«ቁልቁለቱ ለጧት ደግ ነው፤ ለማታ ነው የሚከፋው» አሉና ወደ ኮሌታ አለፉ።

ሰባታችንን እስኪጨርሱ አብሯቸው የመጣው ሥራ አስኪያጅ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ። እጅጌ ዘንድ ሲደርሱ ጋሼ በሲዳምኛ «ኬሬ?» አሏት። ደህና ነሽ እንደማለት ነው። ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አላውቅም፤ ገበያ ውስጥ ያን ያህል ዓመት የኖረ ሰው ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል። ብቻ አንድ ነገር አሏትና ሳቀች። አብረን ስንሠራ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ሳቋን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደማቅ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነበር።

ጋሼ በሚቀጥሉት ቀናትም አላዘዙንም። በየቀኑ የአንዳችንን በርጩማ ይለምኑና ግማሽ ቀን እዚያ ተቀምጠው ይሰፋሉ። «ይሄ ቦታ ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱንም ይሰማሉ። ኪስ የምትሰፋዋ መብራቱ ከጀርባዋ ስለሆነ ጥላዋ እንደሚጋርዳት ተናገረች፤ በማግሥቱ መኪናዋ ዞረላት። ቁልፍ «የኔ ችግር መሰልቸት ነው» አላቸው። «እሱስ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱን እንፈልጋለን» አሉት።

በአራተኛው ቀን እጅጌ ቦታ ተቀመጡ። ከመኪናዬ ሆኜ በጎን አያቸዋለሁ። አንድ እጅጌ ለመግጠም ሞከሩ፤ ፈቱት። ሌላ አነሡ፤ እሱንም ፈቱት። መነጽራቸውን ጠርገው ከኪሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡና ዝም ብለው መለካት ጀመሩ። የምሳ ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ ወጣ፤ እኔን «አንዴ ቆይኝ» አሉኝ።

በእጅጌ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። «እስቲ ይሄን እጅጌ ከዚህ ሸሚዝ ጋር ግጠሚልኝ» አሉ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ከላይ ስጀምር ከታች ተረፈኝ። ከታች ስጀምር ከላይ ተሸበሸበ። ሦስተኛ ጊዜ ስፈታ ላብ አጠመቀኝ።

«እጅጌው ሰፋ ተደርጎ ተቆርጧል ጋሼ» አልኩ።

«ልኪው።»

ለካሁት። እጅጌው ልክ ነው። የጠበበው እጅጌው የሚገባበት የብብቱ ክፍት ነበር። የብብቱን ክፍት የሚያጠበው ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጊዜ አልፈጀብኝም። ለመፍጠን ብዬ ትከሻውን ስሰፋ ጠርዙን ሳልጠነቅቅ ወደ ውስጥ እያስገባሁ በየሸሚዙ የአንድ ጣት ያህል ጨርቅ እወስድ ነበር። የኔ ሥራ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ይመስላል፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ጉዳቱ የሚታየው እሷ ጋ ሲደርስ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነግራሻለች። ጠይቄያት ነበር፤ ትከሻው ጨርቅ ይበላል ብዬ ነገርኳት፣ እነሱ ግን ሳቁ ነው ያለችኝ።»

ጆሮዬ ጋለ። ትከሻ ይበላል። በሦስትም በአራትም ዓረፍተ ነገር ከዚህ በተሻለ ሊገለጽ የማይችለውን በሁለት ቃል፣ ያውም ባልለመደችው ቋንቋ፣ ቦታዬ ድረስ መጥታ ነግራኛለች። እኔ ሳቅኩባት፤ ቀጥዬም በሰው ፊት ተነሥቼ ከሰስኳት።

ጋሼ አልተቆጡኝም። «ሂጂ ምሳሽን ብዪ» ብቻ አሉኝ። ልወጣ ስል ደግሞ «ይቅርታሽን ለእኔ አይደለም የምትነግሪው» አሉ።

ሰዉ ምሳ የሚበላው ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ነው። እጅጌ ሁልጊዜ ራቅ ብላ ግንዱን ተደግፋ ትቀመጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የያዝኩትን ሸሚዝ ዘረጋሁና ትከሻው ላይ ጣቴን አድርጌ «ይበላል። የበላሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። መጀመሪያ ሸሚዙን፣ ቀጥላ እኔን አየች። ከዚያ ከቦርሳዋ የሳሙና ቁራጭ አወጣች፤ ልብስ ሰፊ ምልክት የሚያደርግበት ዓይነት ነው። ጨርቁ ላይ ቀጭን መስመር አሠመረችና «እዚህ» አለች። «ከዚህ አትለፊ።» ቆጮዋን ቆርሳም ሰጠችኝ። ያን ቀን የራሴን ምሳ አልከፈትኩትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የካርቶን ቁራጭ በመኪናዬ ላይ ለጠፈችልኝ፤ ጨርቁ ከእሱ እንዳያልፍ ነው። ትከሻዬ ዘገየ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥሬ ወረደ፣ ኮከቡም ሄደ። የእሷ ክምር ግን በሳምንቱ ጎደለ።

ዓርብ ስብሰባ ላይ እንደገና እጄን አወጣሁ። የድርጅቱ ካድሬ ወጣት ሰው ነበር፤ ሌላ ሰው የምተች መስሎት በጉጉት ፈቀደልኝ። ያለፈው ሂሴ ስሕተት እንደነበር፣ የሚያጓትተው የኔ ስፌት እንደነበር ተናገርኩ። ካድሬው ማስታወሻው ላይ ምን እንደሚጽፍ ግራ ገብቶት ብዕሩን አፉ ውስጥ አደረገ። ቁልፍ ተነሣና «እኔም ግለ ሂስ አለኝ፤ ቀልዱ የኔ ነበር» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ የዚያን ቀን ሳቅ ግን ማንንም አላሳነሰም።

ከዚያ በኋላ ጋሼ አቀማመጣችንን ለወጡት። እኔና እጅጌ ጎን ለጎን ሆንን። አንድ ነገር ሲበላሽ ሸሚዙን አንሥታ ታሳየኛለች፣ ወዲያው አስተካክላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጀመሪያውን ሰዓት ቦታ እንድንለዋወጥ አደረጉ፤ የቁልፍ የመሰልቸት መድኃኒት ይሄ ነበር። ኪስ መስፋት ሲሞክር ሁለት ኪስ ለአንድ ሸሚዝ በአንድ በኩል ሰፍቶ እስከ ምሳ ሲያስቀን ዋለ። ከዚያ በኋላ ግን ኪስ የምትሰፋዋን «እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር» ሲላት ሰምቻለሁ፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ብላ ዋለች።

ያስቸገረችው ኮሌታ ነበረች። «ጋሼ፣ ቦታዬን ከለቀቅኩ ቁጥሬ ይወርዳል» ብላ እምቢ አለች። አልተከራከሯትም። አንድ ጧት የሰፋችውን ኮሌታ አንሥተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ፤ ጫፉን እንዲህ ማሾል አልቻልኩም። እንዴት እንደሆነ ለእነዚህ ታሳዪልኛለሽ?» አሏት። ቀላች። ጫፉን የምትገለብጥበትን የቀርከሃ ስንጥር ከምን እንደምትሠራው አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ስንጥር ሠርታ መጣች። የደበቀቻቸውን መርፌዎችም አውጥታ ጠረጴዛው መሀል በቆርቆሮ አስቀመጠቻቸው። እኔም ክሬን አወጣሁ።

ጧት ጧት መጨባበጡ ልማድ ሆነ። እኛም እርስ በርሳችን «ኬሬ» ማለት ጀመርን፤ እጅጌም አነጋገራችንን እየሰማች ትስቅብን ነበር። የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ እናውቃለን። አንዲቱ ካረፈደች ሌላዋ ምክንያቱን ስለምታውቅ ሥራዋን ትጀምርላታለች። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ብሎ ሥራ አስኪያጁ አጉረምርሞ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግን መስመራችን ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ወጣ። አንድ ሐሙስ ደግሞ የቀኑ ኮታ ከማታው ደወል በፊት ሞላ። ቁልፍ የመጨረሻውን ሸሚዝ ጨርሶ እጁን ሲያነሣ ቀጥሎ የሚመጣ ጨርቅ አልነበረም። መኪናዎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። እርስ በርስ ተያየን።

«በቃ?» አለች ኮሌታ።

«በቃ» አሉ ጋሼ።

ከሥራ ስንወጣ ማንም ወደ ቤቱ አልዞረም። ሰባታችንም ከጋሼ ጋር ወደ ሐይቁ ሄድን። ጀልባዎቹ የሚያራግፉበት ቦታ ትኩስ ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ዙሪያችንን ቆመው ይጠብቁን ነበር። ቁልፍ ለአንዷ ወፍ የዓሣ ራስ ወረወረና «ይቺ የሥራ አስኪያጁ ዘመድ ናት፤ ሰዓት ታያለች» አለ። እጅጌ በሳቅ ዓሣው ትን ሊላት ደረሰ። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትገባ እየተመለከትን በእጃችን በላን። በዚያ ቀን ሰሌዳው ላይ ኮከቡ ለማን እንደተሣለ አላየሁም።

በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ የላብ አደሮች ቀን ሲከበር ድርጅቱ የዓመቱን ኮከብ ሠራተኛ ይሸልማል። ሽልማቱ ሬዲዮ ነበር። ያን ዓመት የሚመረጠው ከእኛ መስመር እንዲሆን ተወሰነ፤ እጩውን እኛው እንድናቀርብ ካድሬው መጣ። ሁላችንም ኮሌታ እንደምትፈልገው እናውቃለን። እኔ እጅጌን አቀረብኩ። ካድሬው ወረቀቱን አየና «ጓዲቷ ማንበብ አትችልም፤ የፖለቲካ ውይይት ክበብም ላይ ብዙ ጊዜ አልተገኘችም» አለ።

ጋሼ ሊናገሩ ሲሉ ኮሌታ ቀደመቻቸው። «ክበቡ የሚጀመረው ከሥራ በኋላ ነው፤ የሷ መንገድ ደግሞ ሩቅ ነው» አለች። «ባለፈው ወር መርፌ እጄን ወግቶኝ ሦስት ቀን ስቀር የእኔንም የራሷንም ሥራ የሠራችው እሷ ናት። ሬዲዮውን ብወደውም እሷን አልፎ ከተሰጠኝ ስሰማው ያሳፍረኛል።» ካድሬው የእጅጌን ስም ጻፈ። መጥፎ ልጅ አልነበረም።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እጅጌ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መድረክ ላይ ወጣች፤ ባሏና ሦስት ልጆቿ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሬዲዮውን ከሰጧት በኋላ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጉላት። እንዲህ ይሆናል ብሎ የነገራት አልነበረም። ሬዲዮውን እንዳቀፈች ወደ እኛ አየች። እኔ ከወንበሬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

«እኔ እጅጌ ሰፋሁ» አለች በመጨረሻ። «እጅጌ ብቻ ማን ይለብሳል?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እሷ ግን አልጨረሰችም፤ በእጇ ወደ እኛ እየጠቆመች «ኑ» አለች። አፍረን ተቀመጥን። ቁልፍ ተነሣ፤ እሱን ተከትለን ሁላችንም ወጣን። ጋሼ እምቢ ብለው ነበር፤ ኮሌታ በክንዳቸው ይዛ አወጣቻቸው። ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበ።

በሁለተኛው እሑድ ቤቷ ጠራችን። ከከተማው ወጥተን በእንሰት መሀል አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ጋሼ መንገድ ላይ እያረፉ፣ ቁልፍ የማያውቀውን ዘፈን እየዘፈነ ደረስን። ሬዲዮው ደጃፉ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ተቀምጧል፤ ጎረቤቶቿ በሙሉ ሊያዳምጡ መጥተዋል። ቅቤ የጠገበ ቆጮ በኮባ ቅጠል ላይ ቀረበልን። ባሏ በሲዳምኛ ብዙ ተናገረ፤ ጋሼ ተረጎሙልን።

«ሚስቴ ድሮ ከሥራ ስትመጣ አትናገርም ነበር ነው የሚለው» አሉ። «አሁን ግን እስክትተኛ የእናንተን ወሬ ታወራለች፤ ጆሮዬን አደከመችው ይላል።»

እጅጌ ባሏን በትከሻዋ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ሬዲዮው ሙዚቃ ጀመረ፤ እሷ ተነሣች፣ የጎረቤት ሴቶች ተነሡ፣ ኮሌታ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እኔ ዳንስ አላውቅበትም። እጅጌ እጄን ይዛ ጎተተችኝና እግሬን የት እንደማሳርፍ እያሳየችኝ ዙሪያውን ዞርን።